ሦስት ቀን በሮም

«የመጀመሪያው ቀን?» አለ ኃይለ መስቀል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ኮሎሲየም።»

«ሁለተኛው?»

«ቫቲካን። ጣሪያው ላይ ሥዕል ያለበት ቤት።»

«ቤተ ጸሎት በይ እንጂ! እናንተ ጴንጤዎች ሥዕል ሲነሣ ምን ያስደነግጣችኋል? እሺ፣ ሦስተኛው?»

«ሳንቲም የሚወረወርበት ፏፏቴ» አለች ማንአልሞሽ።

ከማውንት ቤከር ሰፈር ወደ ሲያትል መሐል ከተማ፣ ወደ ጣሊያን ቪዛ ቢሮ እየወረዱ ነበር። ዝናቡ መስተዋቱን ይመታል። ኃይለ መስቀል ታክሲ ነጂ ነው፤ ወደ ሲያትል ከመምጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ሮም ውስጥ ፈቃድ ሲጠብቅ ኖሯል። አሁን እዚያ የምትጠብቀው የማንአልሞሽ እናት፣ እናኑ፣ ናት። ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ ሆስፒታል ተኝታለች። ትናንት የምታስታምማት ገነት ደውላ፣ «በዚህ ሳምንት ካልደረስሽ አታገኚያትም» ብላለች።

«የታመመ ዘመድ አለኝ ካልሽ ማመልከቻው ለምርመራ ይላካል። ጎብኚ ግን ዛሬውኑ ቪዛ ይመታለታል» አላት ኃይለ መስቀል።

«ጋሼ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«ምኑ ላይ? ከኤርፖርት ስትመጪ በፏፏቴው በኩል እለፊ። እውነት ሆነልሽ!»

ሳትወድ ሳቀች። አዲስ አበባ ሳለች የደርግ ቀበሌ ካድሬዎች «እምነቴን ትቻለሁ በዪና ውጪ» ብለዋት፣ አልልም በማለቷ ዓመት ሙሉ ታስራለች። አሁንም ቃሏ ውሸት እንዳይሆን ፏፏቴውን ለማየት ከልቧ ቆርጣ ነበር።

«ፓርክ አድርጌ እጠብቅሻለሁ» አላት።

የቪዛ ቢሮው ሠራተኛ ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ስለ ሦስቱ ቀናት ጠየቃት፤ እንደ ተለማመደችው መለሰች። ማኅተሙን አነሣ። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣

«ከሁሉም አብልጠው ማየት የሚፈልጉት የቱን ነው?» አላት።

ይህን ማንም አላስጠናትም።

«ሐውልቱን» አለች።

«የትኛውን ሐውልት?»

«የአክሱምን። ከእኛ አገር ተወስዶ እስካሁን ሮም ያለውን። ልጆች ሳለን በትምህርት ቤት ስለሱ ተምረናል።»

ሰውየው ማኅተሙን መልሶ አስቀመጠ። የጉዞ ሰነዷን እንደገና ገለጠና የትውልድ አገሯን አነበበ።

«እዚያ ሐውልት ሥር ያገርዎ ሰዎች ሲሰባሰቡ አይቻለሁ። ፈቃድ የሚጠብቁ ስደተኞች ናቸው። እርስዎስ ሮም ውስጥ ዘመድ አለዎት?»

ማንአልሞሽ «የለኝም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። ሰውየው ታግሶ ጠበቃት።

«እናቴ አለች» አለች በመጨረሻ። «ልትሞትብኝ ነው። እባክዎ።»

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። አዘነላት። ሰነዷን ግን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስሮ፣ ይህ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሮም መላክ እንዳለበት፣ መልሱም ከሦስት ሳምንት በፊት እንደማይመጣ ነገራት። ለመነችው። ጠረጴዛውን ይዛ አልሄድም አለች። በስተኋላዋ የተሰለፉት አንገታቸውን ደፉ።

ታክሲው ውስጥ ኃይለ መስቀል መሪውን በመዳፉ መታው።

«አንዲት ቃል! ‹የለኝም› ማለት አቃተሽ?»

ቤቱ ወስዶ ስልኩን አቀበላት። ገነት መነጋገሪያውን ከበሽተኛዋ ጆሮ ላይ ስታደርግ የትንፋሿ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

«ልጄ፣ ተነሣሽ ወይ?»

ማንአልሞሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ኤርፖርት ነኝ፣ እማዬ። ነገ እደርሳለሁ።»

ኃይለ መስቀል ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ነገ?» አለች እናኑ። ድምፅዋ ድንገት በረታ። «ታዲያ ምን ታወሪያለሽ? ሂጂ፣ ሂጂ፣ አውሮፕላኑ ጥሎሽ እንዳይሄድ!»

ማንአልሞሽ አንዴ «እማዬ» ስትል፣ ስልኩ ተዘጋ።