አብዲ ድራሙን የሚያጮኸው ለምንድነው

መጀመሪያ ስለ በርጫ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ጥፋቴ አይገባችሁም። ድሬ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ሰው አታስወጣም። ሰው ቤት ተሰብስቦ ጫቱን ይቅማል፣ ያወራል። ምርቃናው ሲመጣ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ ቤት የሌለው ፎቅ ይሠራል፣ ለጎረቤቱ መኪና ይገዛል። ሲመሻሽ ወሬው ከተጣለው የጫት ገረባ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ማንም "ትናንት እንዲህ ብለህ አልነበር?" ብሎ አይጠይቅም። ይሄን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔም ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው ያደግኩት፣ ከሰማይ አልወረድኩም።

ዱኒያ እባላለሁ። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና ፊልም ሠሪ ነኝ አልኩ። እናቴ "ፊልም እንጀራ ይሆናል?" ስትለኝ "ታያለሽ" አልኳት፤ አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል። የወጣቶች የፊልም ውድድር መውጣቱን ስሰማ ስልኬን ይዤ ከዚራ ሰፈር፣ ጊታር ተጫዋቹ ናሁሰናይ ግቢ ገባሁ።

ናሁሰናይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ፈረንጅ አለቃ ቤት የሮክ ሸክላ እየተዋሰ፣ እየሰማ ጊታር ለመደ። ጓደኛው አብዲራህማን ደግሞ ድራም። ሁለቱም ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ ዛሬም ግቢው ውስጥ ይጫወታሉ፤ ሠርግም ይጠራሉ። ሮክ በድሬ ሠርግ፣ አቦ፣ ያላየ አያምንም። ናሁ ጊታሩን ሲያስጮኸው አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ይነሳሉ። እኔንም ማስተማር ጀመረ። ጣቴ ቆስሎ ሳለቃቅስ "ትደድራለች፣ አትቸኩይ" ይለኛል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዛ ታግሶ ያስተማረኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ናሁ በሌለበት አብዲ ቤት በርጫ ላይ ነበርን። ስልኬ እየቀዳ ነው፣ አብዲም ያያል። "አንተ፣ ናሁ ለብቻው የሚጫወታት ሶሎ ጋ ስትደርሱ ድራሙን ለምንድነው እንደዛ የምታጮኸው? ጆሯችን ጠፋ እኮ" ብዬ ቀለድኩበት። ድሬ ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን አንቱ አንልም።

አብዲ አልሳቀም። መርቅኗል። "የናሁ ጣቶች እየደነዘዙ ነው" አለኝ። "ሶሎው መሃል ላይ ይጠፋበታል። ልክ እዛች ቦታ ላይ እኔ የድራሙን ሲምባል፣ ያን የነሐስ ሳህን፣ አወርድበታለሁ፣ ሰው አይሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱም እንዳወቅኩበት አያውቅም። ወላሂ ዱኒ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይስቅበትም።" ዓይኑ እንባ ሞላ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሱ እያለቀሰ እኔ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ማማሩን ነበር የማየው።

በማግስቱ አብዲ ቤታችን ድረስ መጣ። "የትናንቱን አጥፊው፣ እሺ?" አለኝ። በርጫ ላይ ስለተባለ ነገር እንዲህ ብሎ መለመን እኛ ጋ ያሳፍራል፣ አላመንኩሽም እንደማለት ነው። ያን ያህል ፈርቶ ነበር።

"አጠፋዋለሁ" አልኩት።

"በአላህ?"

"በአላህ።"

አላጠፋሁትም። ያቺን ቦታ ቆርጬ ሳየው ፊልሙ ሁለት ሽማግሌዎች መሣሪያ ሲያንኳኩ ብቻ ሆነብኝ። ፊልሞቹ አዳራሽ ሲታዩ ናሁ አይመጣም አልኩ። ቢመጣስ፣ ይሄ እኮ የፍቅር ነገር ነው፣ ደስ ይለዋል አልኩ። መሐላዬ ትዝ ሲለኝ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ አነሳዋለሁ።

ናሁ መጣ። በዛ ሙቀት ኮት ለብሶ ከፊት ተቀመጠ፣ አብዲ አጠገቡ። ሲሳሳቁ ነበር። ከዛ የአብዲ ፊት ስክሪኑን ሞላውና ስለ ናሁ ጣቶች ያለውን አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ናሁ ግራ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እሱ እጁን አላወጣም።

አንደኛ ወጣሁ። ዋንጫውን አቅፌ ስወጣ ናሁ በሩ ላይ አብዲን አስቁሞታል።

"አንተ ነህ ለልጅቷ የፈቀድክላት?" አለው።

አብዲ አየኝ። "አዎ" አለ። "ጠይቃኝ ፈቀድኩ።"

ናሁ ወደ እኔ ዞረና ትንሽ ቆየ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው። ያ ለፍላፊ አፌ ተለጎመ። ከዛ ናሁ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ። አብዲ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ልጅ ነሽ፣ አብሽሪ" አለኝና እሱም በእግሩ ሄደ። እናቴ ማታ ዋንጫውን ቡፌው ላይ ስታስቀምጥ ማየት አቃተኝና ፊቴን አዞርኩ።

ጠዋት ናሁ ጋ ሄድኩ። ተቀመጪ አላለኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ በአላህ መማሌን፣ አብዲ እንደዋሸልኝ፣ ዝም ማለቴን።

"አብዲ እንዳልፈቀደ አውቃለሁ" አለ። "ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ ጠባዩን አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ጠየቅከው?"

"አንቺ ትናገሪ እንደሆን ብዬ ነዋ።"

የት ልግባ?

"የሲምባሉንም ነገር አውቅ ነበር" አለ። "ደንቆሮ አይደለሁም። እሱ እኔ የማላውቅ ይመስለዋል፣ እኔም የማላውቅ እመስልለታለሁ፤ እንደዛ ተሸፋፍነን ደስ ብሎን እንጫወት ነበር። አሁን ሶሎው ጋ ስደርስ ሰው ሁሉ ጣቴን ነው የሚያየው።"

"ፊልሙን ካለበት ሁሉ አጠፋዋለሁ" አልኩት።

"ተይው። ጥሩ ፊልም ነው" አለኝ። ወላሂ፣ ቢሰድበኝ፣ በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስል ጠራኝ። "ቅዳሜ ሠርግ አለን። አብዲን ሌላ ጊታሪስት ይፈልግ በዪው። ከዚህ በኋላም እኔ አብሬው አልጫወትም። እኔ ፊቱን እያየሁ ልነግረው አልችልም።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አብዲ ቤት እስክደርስ ቃሉን በሆዴ እየደጋገምኩ ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ ራሱ አብዲ ከፈተልኝ፤ ፊቱ ፈካ አለ።

"ከናሁ ቤት ነው የመጣሽው? ይቅር ብሎኛል አይደል?" አለኝ።