የጠያቂ ካፕሱል

ወንድሜ ሀሩን ነገ ኒካሁ ሊታሰር ዛሬ ድምፁ ጠፋ። ጉርድ ሾላ ካለው ሱቁ ሲከራከር የሚውል ሰው በምልክት ውሃ ሲለምነኝ ሳቄ መጣ። ግን አሳዘነኝም፤ ነገ በሼኹና በምስክሮች ፊት «ተቀብያለሁ» ማለት አለበት።

ወሬው ሰሚት ያለውን ኮንዶሚኒየማችንን ወዲያው አዳረሰው። የኛ ሰፈር ሰው ታማሚ ሲጠይቅ ብርቱካን ብቻ አይዝም፤ ከቤቱ የተረፈ መድኃኒትም ይጨምርበታል። ጎረቤታችን እትዬ ወይንሸት ከቦርሳቸው የአሞክሳሲሊን ካፕሱል አወጡ።

«ባለቤቴን ከሳንባ ምች ያስነሳው ይሄ ነው። ዋጠው፣ ነገ ትዘፍናለህ።»

«እትዬ፣ ሐኪም ሳያየው?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ! ለጉሮሮ ምን ሐኪም ያስፈልጋል?»

ሀሩን ዋጠው። ሻዩን ሳይጨርስ አንገቱን ሽፍታ ወረረው፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ትንፋሹ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው ብዬ እየጮኽኩ ታክሲ ውስጥ ከተትኩት። ሆስፒታል መርፌ ሲወጋ ነው እኔም የተነፈስኩት።

«ጉሮሮህን የያዘው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም» አለችው የሆነውን ሁሉ የነገርኳት ዶክተር ማስተዋል። «የጎረቤታችሁ ባል የዳኑት የእሳቸው ሕመም ከባክቴሪያ ስለነበረ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ የታዘዘላቸውን ሁሉ ቢጨርሱት ኖሮ ለጠያቂ አይተርፍም ነበር። አንተ ግን አሞክሳሲሊንን ጨምሮ ለፔኒሲሊን ዘሮች አለርጂ አለብህ። የትም ስትታከም ይህን ቀድመህ ተናገር።»

«በየትኛው ድምፁ?» አልኳት። ሳቀች፤ ግን እዚያው አሳደረችው።

በማግስቱ ሙሽራው ከንፈሩ እንዳበጠ ሼኹ ፊት ተቀመጠ። እኛ ሴቶቹ ከጎን ክፍል በሩ ላይ ተደርድረን እናዳምጣለን። ሼኹ ሲጠይቁት አንሾካሾከ።

«ምስክሮች፣ ሰማችሁ?»

«አልሰማንም!»

ሙሽሪት ሐሊማ እጄን ጨመቀችው። ከዚያ አንድ የተሰነጠቀ፣ ሻካራ ድምፅ «ተቀብያለሁ!» ሲል ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔ አለቀስኩ፤ ሐሊማ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እንዲህ ከሆነማ ክርክሩን ሁሉ እኔ ነኝ የማሸንፈው» አለች።

ሌሊቱን በጸጸት ሲያለቅሱ ያደሩት እትዬ ወይንሸት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለድምፁ እኮ ሌላ ዓይነት አለኝ፤ ይሄኛው ቢጫ ነው…»

ቦርሳቸውን ነጥቄ ተቀመጥኩበት። ምሳው እስኪያልቅም አልተነሳሁም።