ሃያ ኩንታል ስንቅ

በዚያ ሰሞን ልብስ ሰፊው በድረዲን የሰው ዘር በሙሉ አስጠልቶት ነበር። ለአንድ የኳስ ጨዋታ ከቆቦ ደሴ ለመሄድ ሦስት ሳምንት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይሰማው? መቀመጡስ ባልከፋ። ስብሰባው የሚካሄደው በእሱ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእሱ አግዳሚ ወንበር፣ የእሱን የስፌት መኪና "አቁምልን እስቲ፣ መደማመጥ አቃተን" እየተባለ ነበር።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ከሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በኋላ የራያ ማሽላ ለሁለተኛ ጊዜ አምሮ በታየበት ዓመት የቆቦ ኳስ ቡድን ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ከተማው አበደ። የቡድኑ በረኛ ሰላሁዲን የበድረዲን ልጅ ነው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች አባትየው ብቻውን ያሳደገው አንድዬ ልጁ። ቡድኑ ለውድድሩ ደሴ ከገባ በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ተለጠፈ። የሰላሁዲን ስም አራተኛው ላይ ነበር። ለኳሱ ሲባል እስከ ፍጻሜው ጨዋታ ታገሡት፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ከሜዳው በቀጥታ ወደ ማሰልጠኛ ይጫናል ተባለ። እንግዲህ በድረዲን ልጁን የሚያየው ያችን እሑድ ነው፤ ካለፈች አለፈች። ከማሰልጠኛው ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ማሰብ አይፈልግም።

ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ እንዳይሄድ የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ከለከለው። "የዘማች አባት ብቻውን ደሴ ምን ይሠራል? ልጅህን ልታሸሽ ነው?" አለው። "ከደጋፊው ጋር በአንድ ወረቀት ትሄዳለህ።" በዚህ ምክንያት ነው በድረዲን ከሠላሳ አንድ ደጋፊ ጋር የተጣበቀው።

ደጋፊዎቹ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ይመረቃል። ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ "አሚን" ይባላል። ቀጥሎ የክርስቲያኑ ሽማግሌ በተራቸው ይመርቃሉ፣ "አሜን" ይባላል። ከዚያ አንድ ሰው ዘግይቶ ይመጣና ምርቃቱ አምልጦኛል ብሎ ይከፋዋል፤ ለእሱ ሲባል ይደገማል። ወደ ዋናው ጉዳይ ሲገባ ፀሐይ ትጠልቃለች። የመጀመሪያው ሳምንት አዳር እንዳይከፈል እሑድ በጧት ይነሣ ወይስ ቅዳሜ በሚለው አለቀ። ሁለተኛው የት እንደሚታደር ሲነጋገሩ አለቀ። ሁሉም ደሴ አክስት አለችው፤ አክስቶቹ ሲጣሩ ግን አንዷ አሰብ ሄዳለች፣ ከአንዷ ጋር ከተጣሉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፣ አንዷም ሞታለች።

"ሞታለች እያልህ ምን ታደክመናለህ?" አለ በድረዲን ተበሳጭቶ።

"ቤቱ አልሞተም" አለ ሰውዬው።

የመጨረሻው ጣጣ የመኪናው ነገር ሆነ። ታረቀኝ የሚባል ሾፌር ባዶ ወደ ደሴ የምትወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አለችው፤ የነዳጁን ከቻላችሁልኝ እወስዳችኋለሁ አለ። ጥሬ ገንዘብ ያለው ግን ጠፋ። ይኼኔ ነው ገብረ ማርያም የተነሣው። ገብረ ማርያም የበድረዲን ጎረቤት ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጡረታ የወጣ የመንገድ ሠራተኛ። በሰፈሩ ለተከሰተ ችግር ሁሉ መላ አያጣም፤ ከመላው በኋላ የሚመጣውን ችግር ግን አይቶት አያውቅም።

"ምን ገንዘብ ያስፈልጋል?" አለ። "ማሽላ አለን። እዚህ ተትረፍርፏል፣ ደሴ ደግሞ እሳት ነው። አንዳንድ ቁና እንያዝ። ሸጠን ለታረቀኝ እንከፍላለን።"

"አያ ገብሬ፣ እህል ያለ ፈቃድ በኬላ አያልፍም" አለ በድረዲን።

"አንድ ቁና ምኑ እህል ነው? ስንቅ ነው እኮ። ስንቅ የሚከለክል መንግሥት አለ?"

ሁሉም አጨበጨበ። በድረዲን ቢለፈልፍ ማን ሰምቶት። ጭራሽ "እንዲህ ጥንቁቅ የሆነ ሰው የጉዞው ኃላፊ ይሁን" ተባለና ስሙ በይለፍ ወረቀቱ አናት ላይ ተጻፈ። ማኅተም ለማስመታት ሲሄድ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ዋጃ ለቅሶ ሄዷል። በድረዲን ዋጃ ድረስ ተከተለው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው ስለ ማኅተም አይወራ ነገር፣ ከማያውቀው ሟች ዘመዶች ጋር ግማሽ ቀን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ወረቀቱን አስመትቶ ሲመለስ በሕይወቱ የቀረው ትዕግሥት ሁሉ ያለቀ መሰለው።

አላለቀም ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ መኪናው ጋ ሲደርስ ያየውን ማመን አቃተው። እያንዳንዱ ሰው "ከሄድኩ አይቀር" ብሎ አንድ ቁናውን ጆንያ አድርጎታል። ጠላ ሻጯ ዘነበች ሁለት ጆንያ አስጭናለች።

"እትዬ ዘነበች፣ አንድ ቁና አልተባለም እንዴ?"

"ሁሉም አንድ ቁና ይዞ ሲመጣ እኔ ብቻ ብጨምር ምን ይታወቃል ብዬ ነዋ።"

ሁሉም እንደዚያው አስቦ ኖሯል። አውርዱ ቢል ሊጣሉት ሆነ። ሰዓቱም እየሄደ ነው፤ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ምርቃት ተደረገ፣ ለዘገየው ተደገመ፣ በበድረዲን ዱላ ቀረሽ ቁጣ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋ ተነሣች። ሮቢት ሲደርሱ ገብረ ማርያም መኪናዋን አስቆመ። አማቹ ተጨማሪ ጆንያ ይዞ መንገድ ዳር እየጠበቀ ነበር።

ወልድያን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ የኬላው ገመድ ተወጥሮ ጠበቃቸው። የኬላው አዛዥ መኪናው ላይ ወጥቶ፣ በጆንያ ላይ በተርታ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አየና ወረደ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስንቅ ነው፣ ጓድ" አለ ገብረ ማርያም።

"የስንት ቀን መንገድ ትሄዳላችሁ?"

"ደሴ ነን። ለዛሬው ኳስ።"

"ለዘጠና ደቂቃ ኳስ ሃያ ኩንታል ስንቅ?"

አዛዡ የእህሉ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ ሲነጥቅ የኖረ ሁሉ ያን ጊዜ ጸጥ አለ። አዛዡ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና፣ "የጉዞው ኃላፊ ጓድ በድረዲን ማነው?" አለ።

ሠላሳ አንድ ጣት ወደ በድረዲን ተቀሰረ።

"እህሉ ይወርዳል። ኃላፊው ነገ ጧት የመንግሥት እህል ተረካቢው እስኪመጣ ከእህሉ ጋር ይቆያል። ሌላው መሄድ ይችላል። ኃላፊ ነኝ የሚል ከሌለ መኪናውም ሰዉም እዚሁ ይዋል።"

በድረዲን ለመነ። ልጁ በረኛ መሆኑን፣ ዛሬውኑ ከሜዳ እንደሚጫን፣ ወላሂ ነገ በእግሩ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናገረ። አዛዡ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ብቻ ወረቀቱን በጣቱ እየመታ "ስምህ እዚህ ላይ ነው" ይላል። ገብረ ማርያም ከመኪናው ዘሎ ወረደና፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምክሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልቅር" አለ።

"ወረቀቱ ላይ ስንተኛ ነህ?"

"ሃያ ሦስተኛ።"

"ሃያ ሦስተኛ ኃላፊ የለም።"

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። በድረዲን አሰበው። እንቢ ካለ ሁሉም እዚያው ይውላሉ፤ ልጁ ዓይኑን በሕዝቡ ላይ ሲያንከራትት ከቆቦ አንድ ሰው አያገኝም።

"አውርዱት!" ብሎ ጮኸ። "እህላችሁን አውርዱና ሂዱልኝ! ግን ስሙን ጥሩት። እንደ ስብሰባው ሁላችሁም ባንዴ ጩኹ፣ ከጮኻችሁ አይቀር!"

ሄዱ። በድረዲን ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ደሴ የሚወርዱት አውቶቡሶች ሲያልፉት መስኮታቸው በሰው ተሞልቶ ያያቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰገደና፣ ከሰገደ በኋላም እንደተንበረከከ ቆየ። ከዚያ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላልቻለ ከኮቱ ክፈፍ መርፌ አወጣና የተቀደዱትን ጆንያዎች መስፋት ጀመረ። ማሽላው ቢፈስ ባይፈስ ምን ቸገረው? እየተሳደበ ሰፋ። የዘነበችን ጆንያ ሲሰፋ ዘነበችን ሰደበ፤ የገብረ ማርያምን ሲሰፋ ለገብረ ማርያም የሚበቃ ስድብ አጣ።

በማግስቱ ጧት ተረካቢው መጥቶ እህሉን በመንግሥት ዋጋ መዝኖ ወሰደና በድረዲንን ለቀቀው። እኩለ ቀን ላይ ኤንትሬዋ ከደሴ ተመለሰች። በድረዲን ጩኸታቸውን ለመቻል ራሱን አዘጋጅቶ ነበር። እነሱ ግን አንድ በአንድ ወርደው ዝም ብለው ቆሙ፤ ገብረ ማርያምን ገፍተው ወደ ፊት አወጡት።

"ልጄን አያችሁት?"

"አየነው። ሳይጀመር አጥሩ ድረስ መጥቶ 'አባዬስ?' አለን።"

"ምን አላችሁት?"

"ኬላ ላይ ታስሯል ብንለው ኳስ ይታየው ነበር? መጥቷል፣ ግፊያውን ሸሽቶ ዳገቱ ላይ ቆሟል አልነው።"

"ዋሻችሁት!"

"ዋሸነው። ቆይ ስማኝ። ቀና ብሎ ቢያይስ ብዬ ፈራሁና ከአንዱ ደሴ ሰው ቆብ ተዋስሁ፣ ሽርጥም ተዋስሁ። እንዳንተ አገለደምሁና ዳገቱ ላይ ወጣሁ።"

የበድረዲን ደም ፈላ። "አንተ? አንተ እኮ ትከሻዬን አትደርስም!"

"ድንጋይ ላይ ቆሜ ነዋ! ከሩቅ ማን ይለያል?" ገብረ ማርያም ጠጋ አለው። "ዋንጫውን በሉን። ግን በድሩ፣ ሪጎሬ ተሰጥቶብን ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት! ልጅህ ያዘው። ያዘና ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ዳገቱ ዞረ። ሲያልቅ የጦሩ መኪና አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ሲሳፈርም ዞሮ አየ።"

"እጁን አነሣ?"

"አነሣ።"

"አንተስ?"

"እኔማ መኪናው ተጠምዝዞ እስኪሰወር አላወረድሁም። ይኸው ክንዴን እስካሁን ያመኛል።"

በድረዲን ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የገብረ ማርያምን ክንድ ያዘና፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ክንዱን ሳይለቅ ያለቅስ ጀመር።