ሁለት ቤት ያላት ቃል

በያጁና ቶርኖ በወርክሾፓችን ድመትና ውሻ ነበሩ። ቶርኖ ያልነው ብረት በሚቀርጽበት ማሽን ስም ነው። አብሮ አደጎች ናቸው፤ ኋላም ቶርኖ የበያጁን እህት አገባ። ሳይሰዳደቡ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ጠዋት በሞርሳ ተጣሉ። ብረት ነክሶ የሚይዘው ይህ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር።

«እንደ ሙሽራ ታቅፈኸው ልትውል ነው?» አለ በያጁ።

«ሙሽራዬማ እህትህ ናት። እሷም እንደዚሁ ነካሽ ናት።»

ኮሌታ ለኮሌታ ተያያዙ። አንድ ቁልፍ ተበጠሰ፤ ገላገልናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ግርግሩን ሰምቶ ወጣ። አጠገባችን የነበረው ፈረንጁ መሐንዲስ ሳቅ ብሎ በቋንቋው «ስክራፕ» የምትል ቃል ያለባት ነገር ተናገረና፣ ለእረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ መኪናው ውስጥ ገባ። ስክራፕ እኛ ዘንድ ጓሮ የሚከመር ቁርጥራጭ ብረት ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂው አስተረጎመ፤ «ጠባቸው የስክራፕ ነው ይላል» አለ። ያን ሰሞን ከጓሮው ብረት ይጠፋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ሌቦች ሲካፈሉ ተጣሉ ብሎ ሁለቱንም አባረረ።

በያጁ፣ ቶርኖ የሰረቀውን እኔ ላይ አላከከ አለ። ቶርኖም በያጁን እንዲሁ አለ። እህትየው የወንድሟን ደጅ መርገጥ ተወች።

ፈረንጁ ሲመለስ ሰዎቹን አጣቸው። ሲነገረው ራሱን ያዘ። ቃሏ ሁለት ቤት አላት አለ። አንዱ ቁርጥራጭ ነው። ሌላው ቀላል ግብግብ፣ ገላጋይ ሲመጣ የሚበርድ፤ ለጦርነት አይባልም፣ ለልጆችና ለወዳጆች እንጂ። ከየት እንደመጣች በውል አይታወቅም፤ ከመፋፋቅ ነው የሚሉ አሉ። ድሮ ግን ሴራም ማለት ነበረች አለ። ዕቃ ቤት ጠባቂው መሬት መሬት አየ።

ሁለቱም ተጠሩ። ሥራ አስኪያጁ በፊታችን ይቅርታ ጠየቀ።

በያጁ ወደ ቶርኖ ዞረ። «ሌባ ብዬሃለሁ። ለእህቴም ነግሬያታለሁ።»

«እኔም ብዬሃለሁ» አለ ቶርኖ። «ልጆቼ እየሰሙ።»

ተጨባበጡ፤ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ተጣልተው አያውቁም። አንቱ ይባባላሉ።

ትናንት አንድ ከባድ የብረት በር አብረው አነሡ።

«በእርስዎ በኩል ትንሽ ዝቅ ይበል» አለ በያጁ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ቶርኖ።

በሩን ቀስ ብለው አስቀመጡት።