የሐሙስ የእግር ውሃ

አባቴ ጫማ ሰሪ ነበር። ሰው ሲያይ ቀድሞ እግሩን ነው የሚያየው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤታችንን አይተን «ምነው እንዲህ ከሳች?» ስለው፣ «እሱን እንጃ፣ የግራ ተረከዟ ግን አልቋል» ይለኛል። ስለዚህ አልጋ ከያዘ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ «ልጄ፣ እግሬን አጥቢኝ» ማለት ሲጀምር አልገረመኝም። የሙያ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬን ከእሱ ክፍል ትይዩ አድርጌ፣ በሩን ከፍቼ፣ እንድንተያይ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ይሄን እኔም አውቀዋለሁ፣ ሰፈሩም ያውቀዋል። ሐሙስ ሥራዬን አቋርጬ ውሃ ሳሞቅ፣ ጨው ስጨምር፣ ሰማያዊውን ሳፋ ስጎትት አፌ አያርፍም።

«ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ከአልጋ ያልወረደ እግር ምን ነክቶት ነው የቆሸሸው? በሕልምህ ገበያ ወጥተህ ነው?»

«ነገ አርብ አይደል? አንቺ ዝም ብለሽ እጠቢ። በጣቶቹ መሀልም ግቢ። ጥፍሬንም ቁረጪልኝ።»

«ኧረ ሌላስ? ቀለም ልቀባልህ?»

ይስቃል። ሲስቅ ያስለዋል፣ ሲያስለው እኔ እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ ደግሞ እቆጣለሁ። ከዚያ እግሩን በፎጣ አድርቄ፣ ግራጫ የሱፍ ካልሲውን አጥልቄ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ እስብለታለሁ። ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ከማር ጋር አጎርሰዋለሁ። ራዲዮኑን ከፍቶ የዓለምን ጦርነት ሁሉ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ይመራል። መቁጠሪያችንን አብረን እንደግማለን፤ የመጨረሻው፣ አምስተኛው ምስጢር ላይ ሳይደርስ ያንቀላፋል። የቀረውን እኔ ለሁለታችንም እጨርሳለሁ።

አርብ ጠዋት ሲስተር ይመጣሉ፤ የካቶሊክ ቁምስናችን መነኩሲት ናቸው። ለታመመ ሰው ቁርባን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ትንሿን ጠረጴዛ አስጠጋለሁ፤ ከሸሚዝ ቁራጭ የሰፋሁትን ነጭ ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ መስቀሉን አቆማለሁ፣ ሁለት ሻማ አበራለሁ። አባቴ ሲስተር ሲገቡ አሻግሮ በሩን ያያል። ሁልጊዜ የሚጠይቃቸውም አንድ ነገር ነው።

«ብቻዎን ነው የመጡት?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አባባ።»

«እሺ። ይሁን።»

ወንድሜን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ነው። የአባቴ ዓይን በሩ ላይ ሲቀር ወንድሜን በሌለበት እረግመዋለሁ።

አንድ አርብ ሲስተር ሲወጡ ወጥ ቤት በር ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ ካህኑን፣ አባን፣ ልላክልሽ? አባትሽ የሕሙማን ቅባት ቢቀቡ ጥሩ ነው። ለሚሞት ሰው ብቻ እንዳይመስልሽ። ለታመመ ሁሉ ነው፤ ያበረታል።»

ይሄን እኔም ተምሬዋለሁ። ግን እኛ ቤት ቅባት ማለት ሌላ ነገር ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እናቴ ስትታመም ካህን ጠራን። አባቴ መድኃኒት ፍለጋ ወጥቶ ስለነበር አላየም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ግንባሯንና መዳፏን ቀቧት። ጠዋት ሾርባ አምጡልኝ ስትል የነበረች ሴት፣ ቀና ብላ አየችኝና «ለካስ ነገሩ እንዲህ ነው?» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረችም፤ በማግስቱ ሞተች። ወንድሜ እስከ ዛሬ «የገደላት ድንጋጤው ነው» ይላል። እኔም አፌን ሞልቼ አይደለም አልልም።

«ገና ነው፣ ሲስተር። ይደነግጥብኛል» አልኳቸው።

«እሳቸው እንኳን የሚደነግጡ አይመስለኝም።»

«እርስዎ ደግሞ አባቴን ለመቅበር ቸኮሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ምላሴን ይቁረጠው! ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ በወዲያ በኩል ራዲዮኑ ድምፁ ሲቀነስ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አራት ሐሙስ አጠብኩት። ሐኪሙ «ልቡ ደክሟል፣ ቤቱ ይረፍ» ብሎ ሸኝቶናል። በየሳምንቱ እግሩ እያበጠ፣ ካልሲው እየጠበበው ሄደ። እኔ ነገ ዛሬ እያልኩ ነበር። የካህኑን ስልክ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ቁልፍ በፈለግኩ ቁጥር ወረቀቱን አየዋለሁ፣ መሳቢያውን እዘጋለሁ።

የመጨረሻው ሐሙስ ውሃውን ሳላስበው አብዝቼ አሙቄው ኖሮ እጄን ፈጀኝ። የእሱ እግር ግን ውስጡ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም።

«አባዬ! አያቃጥልህም እንዴ?»

«ጥሩ ነው። ደስ ይላል።»

ጣቶቹን አየሁ፤ ጠቁረዋል። ካልሲውን አጥልቄለት ወደ ጓዳ ገባሁና ለወንድሜ ደወልኩ።

«ካህን ልጠራለት ነው» አልኩት።

«እንዳታደርጊው! እማዬን ረሳሻት? ቅዳሜ እደርሳለሁ፤ አብረን እናባብለዋለን። አፈር ስሆን፣ እስከዚያ ዝም በይ።»

እሺ አልኩት። አሁን ሁሉንም በእሱ ላላክክ አልችልም። እሺ ያልኩት እሺ ማለት ስለፈለግኩ ነው።

አርብ ጠዋት ዳቦውን አልጎርስም አለ። ትንፋሹ አጥሯል፤ ከንፈሩ እንደ እግሩ ጣት ጠቁሯል። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት።

«አባዬ... እንዳትደነግጥ። አባን ልጠራልህ ነው።»

ፊቱን እያየሁ ነበር፤ ወደ ግድግዳው ሲዞር ለማየት ተዘጋጅቼ። አልዞረም። እንዲያውም ሳቀ። «ጎሽ!» አለኝ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ። ተባረኪ።» ከዚያ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ «ካልሲዬን... ካልሲዬን» አለ።

በርዶት ነው ብዬ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ሳብኩለት። ብርድ ልብሱን እግሩ ሥር ጠቅልዬ ከፍራሹ በታች ጥርቅም አድርጌ ወተፍኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ነገር ሊለኝ ፈለገ፣ ትንፋሽ አጠረው።

«በቃ፣ በቃ፣ አትናገር! አሁን መጣሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። የቅዳሴ ሰዓት ነው። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጥኩ። ስደርስ ቁርባን እየተሰጠ ነበር። ከኋላ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቅዳሴ አይቋረጥም ብዬ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ቅዳሴ ጠላሁ። አባ እንዳዩኝ ገባቸው፤ የቅባቱን ትንሽ ዕቃ ይዘው ከእኔ እኩል ሮጡ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

በሩን ስከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል። እኔ የወተፍኩት ብርድ ልብስ ተነቅሏል። አንዱ ካልሲ ወለል ላይ ወድቋል። አባቴ ቁጭ ብሎ ጎንበስ እንዳለ በጎኑ ተደፍቷል፤ እጁ ሁለተኛውን ካልሲ ተረከዙ ላይ አድርሶት እንደያዘው ነው። አባ አንገቱን ዳሰሱ፣ ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ፣ ቆዩ። ከዚያ ዓይኑን ከደኑለት።

«ምን እያደረገ ነው?» አልኳቸው። «ብርድ ነው እኮ! ለምን አወለቀው?»

አባ ባዶውን እግር አዩ። ታጥቧል፣ ጥፍሩ ተቆርጧል።

«ድሮ እግርም ይቀባ ነበር» አሉ። «እኔ ልጅ ሳለሁ አያቴ ሲቀቡ አስታውሳለሁ። ካህኑ ሳይመጣ እግር ታጥቦ ይጠበቃል። አሁን ግንባርና እጅ ብቻ ነው። አባትሽ የሚያውቁት የድሮውን ነው። እግራቸውን እያዘጋጁልኝ ነበር።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ካልሲውን ታቅፌ። «ይቀቡት!» አልኳቸው። «አሁን ይቀቡት፣ ገና ትኩስ ነው! እግሩን ብቻ! ማን ያያል?»

«ቅባቱ ለሕያው ነው፣ ልጄ።» አልተቆጡም። ዕቃውን ሳይከፍቱ ኪሳቸው ከተቱት፤ ተንበርክከው የሙታን ጸሎት ጀመሩ። በሕይወቴ ሙሉ በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ከእሳቸው እየተቀበልኩ መድገም አቃተኝ።

ሲስተር በሰዓታቸው መጡ፤ አርብ ነው። ያመጡት ቁርባን ደረታቸው ላይ እንዳለ በሩ ላይ ቆሙ። አባን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ምነው እርስዎ እንኳን ቢጠሩለት?» አልኳቸው። ልጣላቸው ፈልጌ ነበር።

«አባትሽን ለምኛቸው ነበር» አሉ ሲስተር፤ እንባቸው ይወርዳል። «ልክ ነው፣ መጥራት ነበረብኝ። እምቢ አሉኝ። 'ያን ቀን ስታለቅስ ሰምቻታለሁ' አሉኝ። 'እናቷ ላይ ያየችው ይበቃታል። አባ ሳትዘጋጅ ከመጡባት ትሰበርብኛለች። ልቧ ሲችል ራሷ ትጠራለች፤ እኔ እግሬን ታጥቤ እጠብቃለሁ' አሉኝ። አርብ በመጣሁ ቁጥር 'ብቻዎን ነው የመጡት?' የሚሉኝም ከመጀመሪያው ለዚያ ነው። አንቺ አባን የጠራሽ እንደሆን ብለው ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ እሱ እንዳይደነግጥ ስል፣ እሱ እኔ እንዳልደነግጥ ሲል፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቅ የነበረውን አባቴን ከለከልኩት። አራት ሐሙስ ሙሉ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብዬ ስነጫነጭ፣ ሰውየው ለመንገዱ እየተሰናዳ ነበር።

ወንድሜ እንዳለው ቅዳሜ ደረሰ። ሲያለቅስ ቆየና አባታችን ለራሱ የሰፋውን ጥቁር ጫማ ከቁምሳጥኑ አወጣ። በክንዱ ወልውሎ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ተጠጋ።

«ጫማ ሰሪ በባዶ እግሩ አይቀበርም» አለ።

እጁን ያዝኩት።

«እግሩ ታጥቧል» አልኩት። «አትሸፍነው።»