ከጉብታው ላይ ያለችው ነጭ ድንጋይ

መልሰው ጓንጉልን የሰደበው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ በጓንጉል በገዛ እህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ሠርገኛው ከጉብታው አናት ነጭ ድንጋይ አቁሞ ኢላማ ሲወራረድ ጓንጉል ተኮሰና ሳተ።

"የዚህ ሰው ጥይት የምትገድለው ሰማይ ነው!" አለ መልሰው፣ የጠላ ዋንጫውን እንደያዘ።

ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ጥይቷ ከጉብታው ወዲያ የት እንዳረፈች ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።

ጓንጉል ያቺን ሳቅ ተረከዙ ውስጥ እንደቀረች እሾህ ይዟት ይዞራል። አራተኛ ክፍል ሳለ "አንተ ለሞፈር ነህ" ያለውን መምህር እንኳ እስከ ዛሬ ይቅር አላለም። እሁድ ደግሞ መልሰው ልጁን ይድራል፤ ድንጋይዋም ለኢላማ መዋሏ አይቀርም።

ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የክላሹ ማነጣጠሪያ ይደበዝዝበታል። ስለዚህ ቀይ ነጥብ የምታሳይ ትንሽ መስተዋት ከሰቆጣ አስመጥቶ ከላዩ አሰረ። ዛሬ እየተኮሰ ሊያስተካክላት ነው።

"ድንጋይዋን ካልመታሁ ምኑን ልምምድ ሆነ?" ብሎ ነበር ጠዋት።

"አንተ ሰውዬ፣ ከድንጋይዋ ወዲያ የገበያ መንገድ ነው" አለችው ሚስቱ አስቻለች። "ድንጋይ ጥይት ይመልሳል፤ አፈር ይውጣል። ከቦረቦሩ ግድግዳ ላይ ካልሆነ መንገድ አልጠብቅልህም።"

አሁን እሷ ከጉብታው ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ከፍ ስታደርግ መንገዱ ጭር ብሏል ማለት ነው፤ ዝቅ ስታደርግ እሱ ጣቱን ከምላጩ ያወጣል። ከታች በአፈር ግድግዳው ላይ፣ በከሰል ክብ የተሣለበት ካርቶን ተደግፏል።

ነጠላው ከፍ አለ። ጓንጉል ክላሹን አፈር በሞላው ጆንያ ላይ አስደግፎ ሦስት ጥይት ቀስ እያለ ተኮሰ። ካዝናውን ነቀለ፤ ማቀባበያውን ስቦ ባዶ መሆኑን አየ፤ በጣቱም ዳሰሰ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ አዘገመ። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ከክቡ በታች፣ ወደ ግራ ወርደዋል።

"እጄ አይደለም" አለ ለራሱ። "መስተዋቷ ናት።"

አንዷን ብሎን ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ሌላዋን ወደ ላይ አዞረ። እንደገና ተኮሰ፤ እንደገና አዞረ። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ ክቡ ውስጥ ገቡ። ወገቡ ዝሏል፤ ደስታውም የጠበቀውን ያህል አልመጣለትም።

መልሰው አህያውን እየነዳ ከኋላው የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

"አንተ ጓንጉል! ለጠመንጃህ አምፖል አስገባህለት እንዴ?"

"እንዴት ዋልክ" አለ ጓንጉል፣ ዞር ሳይል።

"ካርቶንማ እኔም በወንጭፍ እመታለሁ።" በዱላው ወደ ጉብታው ጠቆመ። "ያቺን ነጯን ምታና እሁድ በልጄ ሠርግ፣ በሰው ሁሉ ፊት 'ጓንጉል ወንድ ነው' እላለሁ።"

ጓንጉል ሦስት ዓመት የጠበቀው ይህንኑ ቃል ነው። ካዝናውን መልሶ አስገባና ከጆንያው ኋላ በደረቱ ተኛ። ቀዩ ነጥብ ከድንጋይዋ መሐል ረግቶ ተቀመጠ። ድንጋይዋ እንዲህ ጥርት ብላ ታይታው አታውቅም። ከኋላዋ ሰማይ ብቻ ነው።

"ምነው፣ ባትሪው አለቀ?"

ነጠላው ዝቅ አለ። ከድንጋይዋ ጎን መጀመሪያ የእህል ከረጢት፣ ቀጥሎ ከረጢቱን የተሸከመች ሴት ብቅ አለች። ከአስቻለች ጋር ተሳሳሙ። ያኔ እሱ በሳተበት ሠርግ ዕለትም የገበያ ቀን ነበር።

"እሺ፣ እሷ ትለፍ" አለ መልሰው። "እሁድስ? እሁድ ምን ታመካኛለህ?"

ጓንጉል ካዝናውን ነቀለ፤ ማቀባበያውን ስቦ አየ፤ በጣቱም ዳሰሰ። መስተዋቷን በጨርቅ ጠቅልሎ ዳገቱን ወጣ። ነጯን ድንጋይ በሁለት እጁ ታቅፎ ከማሳው ዳር ካለው እርከን ካብ ላይ ጨመራት።

"ፈሪ! ሰማይ ገዳይ!" መልሰው ከታች ይጮኻል። "በልጄ ሠርግ እነግርብሃለሁ!"

"አትመልስለትም?" አለች አስቻለች።

ጓንጉል ክላሹን አነገተና የቤቱን መንገድ ያዘ።