«ኩባ» ያለው ወታደር

ቀነዓ በአዳማ የአንድ ቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ነጋሳ በመስከረም ጅጅጋ ግንባር ከሞተ ወዲህ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም። ከጦር ሜዳ የተመለሱት ጓደኞቹ እንደነገሩት ነጋሳን የገደለው የሶማሊያ ታንክ ነው፤ ታንኩን ለሶማሊያ የሰጡት ደግሞ ሩሲያውያን ናቸው። በቀበሌ ስብሰባም «ሰርጎ ገብ አለ፤ ቋንቋችሁን የማይሰማ ካገኛችሁ ያዙ» ተብሏል።

በ1970 ጥር ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ባለሱቁ ጋሽ ጂብሪል ጠሩት።

«ና እስቲ፣ ይሄን ሰው እየው።»

ሱቁ በር ላይ አንድ ጥቁር ወታደር ቆሟል። መልኩ ያገር ሰው ነው፤ ልብሱ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም።

«በኦሮምኛ ‹አካም› ብለው ዝም፤ በአማርኛም ዝም» አሉ ጋሽ ጂብሪል። «ድሬዳዋ ስነግድ የለመድኳትን ሶማሊኛ ሞከርኩ፤ እሷንም አይሰማም።»

ወታደሩ ደረቱን መታ መታ አድርጎ «ኩባ! ኩባ!» አለ።

«ኩባያ ነው የሚለው። ጠምቶት ነው» ብለው ጋሽ ጂብሪል ውሃ ሰጡት። ግጥም አድርጎ ጠጣና እየሳቀ ደግሞ «ኩባ!» አለ። ጨመሩለት።

ቀነዓ ግራ ገባው። ሰርጎ ገብ እንዲህ ይስቃል? ቢሆንም የታዘዘው ያው ነውና ጠመንጃውን ደግኖ ወደ ቀበሌ ወሰደው።

«ማን ላከህ?» አሉ ሊቀመንበሩ አቶ መርዳሳ። ወታደሩ ከኪሱ የአንዲት ሴትና የሕፃን ፎቶ አውጥቶ አሳያቸው። አሁን ሳቁ የለም። ቀነዓ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ።

ብዙም ሳይቆይ ወታደሩን ሲፈልግ የነበረ አንድ ሻምበል ከአንድ ነጭ ሰውዬ ጋር ከጂፕ ዘሎ ወረደ።

«ምን ማድረጋችሁ ነው? ኩባዊ እኮ ነው! ሊረዳን የመጣ ወዳጅ! መኪናው ተበላሽቶ ውሃ ፍለጋ ቢወጣ ታስሩታላችሁ?»

«ማንም አልነገረንማ፣ ጌታዬ» አሉ አቶ መርዳሳ።

«ምሥጢር ነበራ!»

ቀነዓ ወደ ነጩ እያየ «እኚህስ?» አለ።

«ሩሲያዊ ናቸው። አማካሪ።»

«ወንድሜን የገደለውን ታንክ የሰጡት?»

ሻምበሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ያኔ ነው። አሁን ከእኛ ጋር ናቸው፤ ታንኩንም ለእኛ ነው የሚሰጡት።»

ነጩ አንዱም ሳይገባው ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ቀነዓ ጨበጠው። መዳፉ ሞቃት ነበር፤ ከዚያ በቀር ምን እንደተሰማው ራሱም አላወቀም። ኩባዊው ትከሻውን ቸብ አድርጎት ጂፑ ላይ ወጣ።

ቤት ሲገባ እናቱ ወይዘሮ ሻሼ ወሬው ደርሷቸው ጠበቁት።

«ጠላት ያዝክ አሉ?»

«ወዳጅ ነው፣ እማዬ። ሩሲያም ወዳጅ ሆኗል። ታንክ ለእኛ ሊሰጡ ነው።»

ጥቁር ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ታዲያ ነጋሳ ሳይሞት ወዳጅ ቢሆኑ ምን ነበረበት?»



በማግስቱ ነዋሪው መንገድ ዳር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱትን ወታደሮች እንዲያበረታታ ታዘዘ። ወይዘሮ ሻሼ ቤት ቀሩ። ቀነዓ ወጥቶ አጨበጨበ። ሩሲያውያኑ አማካሪዎች የተሳፈሩበት መኪና ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። አቶ መርዳሳ ዞር ብለው አዩት። ማጨብጨቡን ቀጠለ።